«ትታለች» ተብሎ ይመዝገብልኝ

ካርቲየ 3 ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ያማረው ሰው የሚሄደው ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ጅቡቲ ቤተ መጻሕፍት የላትም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳይኛ ለሚያነብ የፈረንሳይ ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለለት፤ እኔም ግማሽ ለመጽሐፉ፣ ግማሽ ለቀዝቃዛው አየር ብዬ እመላለስበታለሁ። አማርኛ ለጠማው ግን ያሉት የእኛ ጋሼ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ከስፌት መኪናቸው በላይ፣ ከቴትሮንና ከፖፕሊን ጥቅሎች ጎን አንድ ረጅም ጣውላ ሰቅለው መጻሕፍት የደረደሩ ሰው ናቸው። መጻሕፍቱ የመጡት በባቡር፣ በከባድ መኪና ጋቢናና ወደ ዓረብ አገር ሲሻገሩ ሻንጣ በከበዳቸው መንገደኞች እጅ ነው። ሁሉም በአሮጌ ካላንደር ተለብጠዋል። ስለዚህ ጣውላው ላይ ሲታዩ አንዱ መጽሐፍ መስከረም ነው፣ ሌላው ኅዳር፣ ሌላው ግማሽ ሰኔ፤ ከፍተው ካላዩ በቀር ማንን ተውሰው እንደሚሄዱ አይታወቅም።

ጋሼ ለውሰቱ ገንዘብ አይቀበሉም። የሚቀበሉት ምክንያት ነው። ደብተራቸው ላይ ከተዋሰው ሰው ስምና ከመጽሐፉ ርዕስ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፤ የሚጻፍባት ከሁለት ቃል አንዱ ነው፤ ወይ «ጨርሷል» ወይ «ትቷል»። የጨረሰ ሰው መጽሐፉን መልሶ ሌላ ይዞ ይሄዳል። የተወ ሰው ግን ለምን እንደተወ፣ ሱሪ ሊያሳጥርና ዚፕ ሊያስቀይር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ሳያስረዳ ሌላ አይሰጠውም። ማጭበርበር አይቻልም። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ዕልባት የምትሆን ቁራጭ ጨርቅ ስለሚያስገቡበት፣ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያዩት ጨርቋ የትኛው ገጽ ላይ እንዳደረች ነው። ገጽ 31 ላይ የቆመች ሰማያዊ ቴትሮን ይዞ «ግሩም መጽሐፍ ነው ጋሼ» ማለት መሳቂያ ያደርጋል።

በዚህ ደብተር ላይ «ትታለች» የሚለው ቃል ከማንም ይልቅ የሚወዳጀው ከእኔ ስም ጋር ነው። ሰፈሩ «መራጯ» የሚል ስም አውጥቶልኛል፤ ገሚሱ በአድናቆት፣ ገሚሱ በሽሙጥ። ቅር አይለኝም። ቆሎ የምታበጥር ሴት ጠጠሩን ስለጣለች ቆሎ ጠላች አትባልም።

አመሉ ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት የመጣ አይደለም፤ ከእንጀራዬ ነው። ትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ ከጠዋት ጀምሮ የማነበው የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ስንት ካርቶን፣ ስንት ኪሎ፣ ከየት ወዴት። እንዲህ ያለ ንባብ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ሰነዱ ላይ የተጻፈው አንድ፣ ኮንቴይነሩ ሲከፈት የሚገኘው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ስለማውቅ፣ የመጽሐፍ ጀርባ ላይ «ልብ ሰቃይ»፣ «ዘመን ተሻጋሪ»፣ «ከጀመሩት የማያስቀምጡት» የሚል ሳይ መፈተሽ ያምረኛል። ምስክርነቱን የሰጠው የደራሲው አብሮ አደግ ሆኖ ሲገኝማ መጽሐፉን በቀጥታ ቀይ መስመር ነው የማስገባው።

ሁለተኛው ጠላቴ ምስጋና ነው። አንዳንድ ደራሲ ፈጣሪን፣ ወላጆቹን፣ ባለቤቱን፣ ረቂቁን የተየበችለትን፣ ረቂቁን ያነበበለትን፣ አነባለሁ ብሎ ያላነበበለትን ሳይቀር እያመሰገነ አምስት ገጽ ይጓዛል። ታሪኩ ሲጀመር እኔ ደክሞኛል። ሦስተኛው ጠላቴ የጀግናዪቱ ጥርስ ነው። ልጅቱ ገና ከበር ሳትገባ ጥርሷ እንደ በረዶ ነጭ መሆኑ ይነገረናል። እዚህ በሐምሌ «በረዶ» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ስለ ልጅቱ ማሰብ አይችልም። ልቡ በረዶው ጋ ቀርቷል።

አየሩ ከመጽሐፍ ምርጫ ጋር ያለውን ዝምድና አዲስ አበባ የተቀመጠ አንባቢ በቀላሉ አይረዳው ይሆናል። በበጋችን፣ ማለትም እናንተ ጃንጥላ በምትፈልጉበት ወራት፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኸምሲን አሸዋውንና ትኩሳቱን ይዞ ሲመጣ ቴርሞሜትሩ ከአርባ በላይ ይወጣል። ቀትር ላይ ቢሮ ይዘጋል። ጫት የጫነው መኪና ክላክሱን እያንጫረረ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከመሐሙድ ሐርቢ አደባባይ እስከ እኛ መንደር ያለው ሕዝብ ወይ ይቅማል ወይ ይተኛል። እኔ የቆርቆሮና የጣውላ ክፍሌ ውስጥ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ከቬንቲሌተሩ ሥር አነባለሁ። ቬንቲሌተሩን የሚያዞረው መብራት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ በሚመጣ መስመር ነው። የምጠጣው ውሃ ከሶማሌ ክልል በቧንቧ ይመጣል። ጫቱም ከዚያው፣ ልብ ወለዱም ከዚያው። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ምዕራፍ ሲቋረጥብኝ የምቆጣው በባዕድ አገር ላይ አይደለም። የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሁኔታ የሚነበብ መጽሐፍ አንድ ነገር ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ ዝናብ። ጭጋግ ቢጨመርበት እሰየው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰሞኑን ደግሜ የጨረስኩት ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት ያለኝን ግንዛቤ ለማዳበር እንዳይመስላችሁ። ጎጃም ደጋ ስለሆነ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይህ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ርዕሱ ላይ መጨረሻውን ነግሮን እንኳ እስከ መጨረሻው የሚያስኬደን በየዋህነታችን ብቻ አይደለም። ጉዱ ካሳን የመሰለ ሰው በየመንደሩ አለ፤ እውነቱን ስለተናገረ እብድ የተባለ። የኛ መንደር ጉዱ ካሳ ፓስታ ያራግፋል።

ይሁንና ይህንን መጽሐፍ በጋሼ ቅጂ ማንበብ ሌላ ፈተና አለው፤ ቀድመው ያነበቡት ሰዎች ዝም ብለው አላለፉም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ገና ዓይን ለዓይን መተያየት ሲጀምሩ፣ አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከጎን «አይዞሽ እህቴ ብዙ አትልፊ፣ ሁሉም ያልቃሉ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላ እጅ፣ «አንተ ምን አገባህ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይል ስልክ ቁጥሩን ትቷል። መጽሐፉን መልሼ «ጨርሳለች» ሲባልልኝ፣ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ቡና ሻጭ ጎረቤቴ «እኔስ ጨርሼው የለ!» አለች። ፊደል እንደማትቆጥር ሁላችንም እናውቃለን። «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ነዋ፤ ያኔ እናቴ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ፤ አንድም ቀን አላመለጠኝም» አለች። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ደብተሩን ገለጡና ስሟን ጽፈው «ጨርሳለች» አሉ። ማንም አልተቃወመም። እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ጨርሳዋለች፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ በድምፅ ታሳያለች።

«አደፍርስ» ላይ ስደርስ ነገሩ ከረረ። የዳኛቸው ወርቁን ልብ ወለድ፣ በ1962 የታተመውን፣ «ከባድ ነው» ሲባል ያልሰማ አንባቢ የለም። የጋሼ ቅጂ የዚህን ወሬ ታሪክ በገጾቹ ጥግ መዝግቦታል። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ጥግ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ለስልሷል፤ እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ሰው የቆመበት ነው። አንዱ ላይ የሻይ ክብ አለ። አንዱ ውስጥ የደረቀ የጫት ቅጠል። አንዱ መሐል ሃያ ፍራንክ የማይሞላ የሱቅ ሒሳብ። ከዚያ ወዲያ ገጾቹ ድንገት ይነጣሉ፤ ጠርዛቸው እንደ ታተመ ነው፣ ጣት አላያቸውም። የድንግልናው ምድር ላይ ስረግጥ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ያስቆመኝ የቋንቋው ክብደት አልነበረም። የመጽሐፉ ሰዎች ይከራከራሉ፤ አደፍርስ ከወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ሰዎች ጋር፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር፣ የተማረው ካልተማረው ጋር። ደግሞም መልካም ይከራከራሉ። ችግሩ የእኔ ክፍል ግድግዳ ጣውላ መሆኑ ነው። ከጣውላው ወዲያ የጎረቤቶቼ ማብራዝ አለ፤ ከቀትር በኋላ እስኪመሽ ድረስ እየቃሙ ስለ ዓለም የሚከራከሩበት። ከግድግዳው ወዲህ አደፍርስ ሲናገር ከግድግዳው ወዲያ አንዱ በሶማሊኛ ይመልሳል፤ ወዲያኛው በአፋርኛ ሲስቅ ወዲህኛው በአማርኛ ይቆጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ማን ለማን እንደሚመልስ ጠፋኝና ሁለቱንም ዘጋኋቸው፤ አንዱን በክዳኑ፣ ሌላውን በጥጥ።

ይህንን ምክንያት ጋሼ ፊት ሳቀርብ፣ የመቀመጫ ልብስ ሊያሰፋ የቆመ የከባድ መኪና ሾፌር ጣልቃ ገባ። «እህት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሰውየው እኮ የደብረ ሲና ልጅ ነው። የኛ አገር ሰው እንዲያ ነው የሚያወራ። በዓይን አይነበብም፤ ጮክ ብሎ ነው» አለ። ጋላፊ ላይ ተራ ሲጠብቅ ጋቢና ውስጥ ለረዳቱ እያነበበ እንደጨረሰው ነገረን። ረዳቱ ምን አለ? «መጀመሪያ ተኛ። ኋላ ግን ወይዘሮዋን ደግፎ ተጣላኝ።» ጋሼ ብዕራቸውን እንዳነሱ ቆዩ። ከዚያ «ትታለች» ብለው ጻፉና ከጎኑ በቅንፍ «ይግባኝ ተጠይቋል» ብለው ጨመሩበት።

በቅንፍ መጨመር የተጀመረው በአዳም ረታ ጊዜ ነው። አዳም ረታን የማላደንቅ እንዳይመስላችሁ፤ አደንቀዋለሁ፤ በተለይ ተቀምጬ። «የስንብት ቀለማት» የሚለው መጽሐፉ ግን ውፍረቱ የመደገፊያ ትራስ ያህል ነው። በጀርባ ተንጋሎ ሽቅብ ይዞ ማንበብ ክንድ ያዝላል። ደረት ላይ ሲያሳርፉት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ ፊቴ ላይ ወድቆ አፍንጫዬ ተላላጠ። ደግሞ ደራሲው ሕፅናዊነት በሚለው አጻጻፉ፣ እንጀራን አብነት አድርጎ ታሪክን ከታሪክ ጋር ያያይዛል፤ የግርጌ ማስታወሻም ይወዳል። ተቀምጦ ለሚያነብ ይህ ግብዣ ነው። በቬንቲሌተር ሥር ግን ዓይን ወደ ግርጌ ወርዶ ሲመለስ ነፋሱ ሁለት ገጽ ገልጦ ይጠብቀዋል። ይህንን ሁሉ አስረዳሁ።

«ክብደት የመጽሐፉ ጥፋት ነው?» አሉ ጋሼ።

«አይደለም፤ የሐምሌ ጥፋት ነው» አልኩ።

«ትታለች (እስከ ጥቅምት)» ተብሎ ተመዘገበ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት እዚህም ሰው ሰው ይሆናል፤ ቁጭ ብሎ ያነባል። ያቺ ቅንፍ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው መጠለያ ሆናለች። አሁን በደብተሩ ላይ ለጥቅምት የተቀጠረው መጽሐፍ ብዛት፣ ጥቅምት ራሱ ሠላሳ ቀን ብቻ መሆኑን የረሳ ይመስላል።

ምክንያት የማይጠየቅበት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። «ኦሮማይ»። የበዓሉ ግርማ ቅጂ ጣውላው ላይ ያለው ፎቶኮፒ ነው፤ ጠርዙ ላይ አንዳንድ መስመር ተቆርጧል። ነገሩ ለዚህ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። በ1975 ሲታተም ወዲያው ከገበያ ተሰብስቦ፣ ደራሲው በዓመቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ሕዝቡ በድብቅ እያባዛ ነው ያነበበው። ጋሼ ያስገቡበትን ቀይ ጨርቅ ልብ ብዬ አየኋት። አዲስ ናት። ጫፏ አልተበላም፣ አልተጨማደደችም፣ ላብ አልነካትም። የሌሎቹ መጻሕፍት ጨርቆች ከገጽ ገጽ ሲሰደዱ አርጅተዋል፤ ይህቺ ሥራ አግኝታ አታውቅም። ለካ መሐል ላይ ያቆመው ሰው የለም። እኔም ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ እንደገባ ጀመርኩና ሌሊት መብራት ሲሄድ በስልክ ባትሪ ቀጠልኩ፤ ሊነጋጋ ሲል ጨረስኩ። ስለ ጀግናዪቱ ስለ ፊያሜታ ጥርስ ደራሲው ያለውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ።

አሁን ወደ ፈረንሳዮቹ ልሻገር። እዚያ መጽሐፍ መመለስ ቀላል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል፣ «መርሲ» ይባላል፣ አለቀ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ትተውት ይሁን አልቅሰውበት ጨርሰውት ማንም አይጠይቅም። በሥልጣኔ ደንብ ትክክል ነው፤ የሰው ንባብ የሰው ገመና ነው። ብቻ እንደ ወጣሁ አንድ ነገር ይጎድለኛል። መጽሐፍ ተጣልቼ ጥሉን የምነግረው አጣለሁ። መራጭ የሚባለው እኮ መርጦ ዝም ያለ ሰው አይደለም፤ ለምን መረጥክ ሲባል መልስ ያለው ነው። ካልተጠየቀ የእሱ ምርጫና የቬንቲሌተሩ ገጽ መግለጥ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ የፈረንሳይኛውንም ጥል ተሸክሜ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ለማይመለከታቸው መጽሐፍ ችሎት ይቀመጣሉ።

ከዚያ ከተዋስኳቸው የመጀመሪያው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. «የቀይ ባሕር ምስጢሮች»ን የጻፈው። ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ አካባቢ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ ወደ ጦር መሣሪያ ኮንትሮባንድ የገባ፣ ኦቦክ ላይ ቤት የሠራ ሰው ነው። ሲጽፍ ይችልበታል። ባሕሩ ይሸታል፣ ሸራው ይንኳኳል። በትራንዚት ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ግን መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ያልተዘረዘረ ዕቃ ነው፤ እያነበብኩ እጄ ማኅተም ይፈልጋል። እስከ ግማሽ ታገስኩት። ቀጥሎ ስለ ሰውየው ሌላ ቦታ ሳነብ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአገር እንዳባረሩት፣ ጣልያን ሲወረንም ከወራሪው ጎን ቆሞ እንደጻፈ አገኘሁ። መጽሐፉን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩትና በነጋታው መለስኩት።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ፤ «ለአገር ክብር የተተወ መጽሐፍ ነው።» ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጋሼ ግን የደብተራቸውን ገጽ ወደ ኋላ ገለጡ። «እ... እዚህ ላይ ‹ጦቢያ፦ ጨርሳለች› ይላል።»

ጨርሼዋለሁ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ ያሳተሙትን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን፣ በአንድ ቅምጥ። በጦርነት የተማረከ አባት፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ፣ መልኳ የማይጠገብ፤ የግጥምጥሞሹ ብዛት በእኛ ቢሮ ቢሆን ሦስት ጊዜ ያስፈትሻል። ግን ሰውየው ኋላ ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። በሐዲዱ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ዕቃ ሁሉ በእጃቸው ያልፍ ነበር። የጉምሩክ ሹም የጻፈውን መጽሐፍ ሳይጨርስ የመለሰ ትራንዚተር ከተፈጠረ አሳዩኝ።

«አፈወርቅም እኮ ከጣልያን ጋር ነበሩ» አሉ ጋሼ፣ መርፌያቸውን እየሰኩ። «አፈ ቄሳር ተብለው። ከድል በኋላ ተፈርዶባቸው ጅማ ታስረው ነው የሞቱት። የእሳቸውን ጨርሰሽ የፈረንጁን የተውሽው በምን ሕግ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ዚፕ ሊያስቀይር የመጣው ሰውዬ ዚፑን ረስቶ እኔን ያያል። ደራሲና ድርሰቱ ይለያያሉ እንዳልል፣ ሞንፍሬን አሁን ነው ያልለየሁት። የቋንቋው ውበት እንዳልል፣ ሞንፍሬም ይችልበታል ብያለሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ጦቢያ ቀጭን ነው።»

ሳቁ አልቆመም። ጋሼ ግን አልሳቁም። አሰቡበትና «ያስኬዳል፤ በሐምሌ ያስኬዳል» ብለው ሁለቱንም እንዳሉ አጸደቁ።

ከፈረንሳይኛው መደርደሪያ የጨረስኳቸውም አሉ። አንደኛው የአርተር ራምቦ ደብዳቤዎች ናቸው። ይህ ሰው በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1880 እ.ኤ.አ. ዓደን፣ ከዚያም ሐረር የወረደው ነው፤ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ታጁራ ላይ ቅፍለቱ እስኪነሳ ወራት የጠበቀው። አደባባያችን መሐሙድ ሐርቢ ከመባሉ በፊት የተሰየመው በእሱ ስም ነበር። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ቅኔ የጠበቀ ሰው ያፍራል። ሙቀቱን ያማርራል፣ ዋጋ መወደዱን ያማርራል፣ መሰልቸቱን ያማርራል። ለቤተሰቡ የሚጽፈው የመጽሐፍ ትእዛዝማ አስደነቀኝ፤ ስለ አናጢነት፣ ስለ ብረት ሥራ፣ ስለ ውሃ ግድብ፣ ስለ ማዕድን። በዓለም የታወቀ ገጣሚ አንድ የግጥም መጽሐፍ ላኩልኝ አይልም! ከእኔ የባሰ መራጭ በዚህ በረሃ ቀድሞኝ አልፏል። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ እንደ ሰፈሬ ሰው የሚያማርር ፈረንጅ አላገኘሁም ነበር።

ሁለተኛው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የተወለደው አብዱረሕማን ዋበሪ። በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥላ የሌለው አገር» ይሆናል፤ ከሽፋኑ አላልፍ ብዬ ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ሊጽፍ ነው? በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ግን አሸነፈኝ። ልጁ «ስትራመድ ለምን ትደንሳለህ?» ብላ የምትጠይቀው አባት፣ በልጅነቱ በሽታ እግሩን እንደጎዳው፣ በዚሁ ከተማ የቆርቆሮ ቤቶች መሐል ከአያቱ ጋር እንዴት እንዳደገ ይነግራታል። ዝናብ የለም፣ ጭጋግ የለም፣ ሙቀቱም አልቀነሰም። ሆኖም የማውቀውን መንገድ፣ የማውቀውን አቧራ ሌላ ሰው ሲያየው ማየት ለካ ራሱን የቻለ ቅዝቃዜ አለው። ፈረንሳይኛዬ ስለሚያነክስ ቀስ ብዬ ነው የተከተልኩት። ሁለታችንም በየራሳችን እየደነስን ደረስን።

በቅርቡ ከተዋስኳቸው መሐል ልተወው ሞክሬ የተከለከልኩት አንድ ነው። «ነገም ሌላ ቀን ነው»፣ ነቢይ መኮንን የተረጎመው የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ። ውፍረቱ እስከ ጥቅምት የሚያስቀጥር ነው፤ ስካርሌት ኦሃራ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ አበሳጭታኛለች። ጨርቋን የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ትቼ መለስኩት። ጋሼ መኪናቸውን አቆሙ።

«ይህ መጽሐፍ የት እንደተተረጎመ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ነቢይ በደርግ ጊዜ ታስሮ፣ ወረቀት ብርቅ በሆነበት እስር ቤት፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ እንደተረጎመውና እስረኛው እየተቀባበለ እንደሰማው ያልሰማ የለም።

«እሱ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ የተረጎመውን አንቺ በቬንቲሌተር ሥር ማንበብ አቃተሽ?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ምክንያት በደብተሩም በሕግም የለም። ይዤው ተመለስኩ፤ ጨረስኩት። ስካርሌትን አሁንም አልወዳትም። ነገር ግን ብስጭቴ ከሰው ጋር የሚኖሩት ዓይነት ሆኗል።

መራጭነቴ ለሰፈሩ ምን ጥቅም እንዳመጣ የገባኝ በቅርቡ ነው። ዓርብ ዕረፍታቸው የሆነ የቤት ሠራተኞች፣ መርከብ እስኪራገፍ የሚጠብቁ ወዛደሮች፣ ወደ ማዶ መሻገሪያ ቀን የሚቆጥሩ ልጆች ጋሼ ዘንድ ሲመጡ የሚጠይቁት «ጥሩ መጽሐፍ የቱ ነው?» ብለው አይደለም። «መራጯ የተወችው የቱ ነው?» ነው የሚሉት። የአብዮቱን ዘመን ትዝታውን የጻፈ አንድ ሹም ነበር፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድም ቀን ሳይሳሳት ያደገ። ሌላው ሁሉ ሲሳሳት እሱ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። እኔ ሠላሳኛው ማስጠንቀቂያ ላይ ተውኩት። ያን ሰሞን ጣውላው ላይ አላደረም። «ምስጢር ቢኖርበት ነው የደነገጠችው» ተብሏል አሉ። አንድ የፍቅር ልብ ወለድም በምስጋናው ርዝመት የተነሳ ሳልጀምረው ብመልሰው፣ «አሳፍሯት ነው» ተብሎ ወረፋው እስከሚቀጥለው ወር ደርሷል። ጋሼ እየሳቁ «ምነው አንቺ፣ ‹ግዕዝ ያለ መምህር›ንም ትተሽው በሆነ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም» ይሉኛል። በሚቀጥለው ዓርብ ሰው ሲበዛ፣ ጮክ ብዬ ልተወው ቀጠሮ ይዘናል።

እስከዚያው ከአዲስ አበባ ወደዚህ ለምትመጡ አደራ አለኝ። ከፉሪ ለቡ በባቡር ተሳፍራችሁ ነጋድ የምትወርዱ ከሆነ ሻንጣችሁ ጥግ ላይ አንድ መጽሐፍ አይከብዳችሁም። ቀጭን ይሁን፤ ወይም ወፍራም ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ይምጣ። ምስጋናው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ጀርባው ላይ አብሮ አደግ አይመስክር። ሰዎቹ ይከራከሩ፣ ግን በየተራ። በተቻለ መጠን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንስቶ ይዝነብ፤ ጎርፍም ቢሆን አልጠላም። የማልወደው ከሆነም ግድ የለም፤ ላኩት፤ ወረፋው ረጅም ነው።